የጠያቂ እንቁላል

እህቴ በታመመችበት ዓመት ዱመርሶ ያለው ግቢዋ በጫጩት ተሞልቶ ነበር። ስለ በሽታዋ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ መጀመሪያው እየጠፋብኝ። ዛሬ ግን ጫጩቶቹ ጋ እስክደርስ ድረስ አልነሣም ብያለሁ። ሁላችንም ያላየነውን ያሳዩን እነሱ ናቸው።

እህቴ ታላቄ ናት። እትዬ ስላት አድጌ፣ ዛሬ ሁለታችንም ሸብተን እትዬ ነው የምላት። የተወለድነው ዲላ ነው፤ አባታችን ለሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እኔ ዲላ ቀርቼ ገበያው ዳር ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ እሸጣለሁ። እሷ የጌዴኦ ልጅ አግብታ ይርጋጨፌ ወረዳ፣ ዱመርሶ ገባች። ባሏ ቡና ገበሬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቁም ነገር ሊናገር ሲል ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው። እናቱም አብረዋቸው ይኖራሉ። እሳቸው አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለዩም። እህቴን "መጣ፣ ሄደ" ይሏታል፤ እኔንም "አንተ" ይሉኛል። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ "አንተ" የሚለው ቃል ከ"አንቺ" ይልቅ ይለሰልሳል፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

እትዬ እብጠቱን ያገኘችው ቡና ለቀማ መሐል ነው። "ቡናው ይግባ" ብላ ዝም አለች። ቡናው ገባ፣ ደረቀ፣ ተሸጠ፤ እሷ ዝም እንዳለች ነበር። እኔ የሰማሁት ለገና ዕቃ ልትገዛ ዲላ በመጣች ጊዜ፣ ሱቄ ውስጥ ለጡት መያዣዋ ላስቲክ እየለካሁላት ነው።

"በግራ በኩል ላላ አርጊው" አለችኝ።

"ምነው፣ በግራ ብቻ?"

እጄን ያዘችና እዚያው ላይ አሳረፈችው። ላስቲኩ ከሌላው እጄ ወድቆ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ።

ከዚያ ዲላ ሆስፒታል፣ ከዲላ ሐዋሳ። ጥምቀት እንዳለፈ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ግራ ጡቷ ሄደ፣ ከብብቷም ዕጢዎች ወጡ። የምትከታተላት ወጣት ሐኪም ናት፤ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ዓይኗ ግን የማይቸኩል። የተወሰደው ሥጋ ለምርመራ አዲስ አበባ እንደሚላክ ነገረችን። "ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም" አለችን። "ሥጋው ላይ ምልክቶች አሉ። የእሷ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ወደ ሌላ አካል የመሄድ ፀባይ እንዳለውና እንደሌለው፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የምናውቀው በእነሱ ነው።" ባሏ ይህን ሲሰማ እንደ ማጽናኛ ወሰደው። የቡና ሰው ስለሆነ ናሙና መላክ ይገባዋል። "ናሙናው ካልታየ ዋጋው አይታወቅም" አለኝ ስንወጣ።

ውጤቱ የመጣው ዐቢይ ጾም በገባ ሳምንት ነው። ሦስታችን ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን፤ እሷ ወረቀቱን እያየች ጀመረች።

"ሁለቱ ፖዘቲቭ ናቸው።"

የእህቴ ባል ባርኔጣውን አወለቀ። በእኛ አገር ያ ቃል የሚታወቀው በአንድ በሽታ ብቻ ነው፤ ስንት ቤት አፍርሷል። "ዶክተር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኛ በቤተ ክርስቲያን ተመርምረን ነው የተጋባነው።"

"ኧረ አይደለም ጋሼ!" ወረቀቱን አስቀመጠችው። "እሱ አይደለም። እሱ ቢሆን እነግራችሁ ነበር። ይሄ ሌላ ነው፣ እንዲያውም ጥሩ ዜና ነው። ካንሰሩ ላይ ፕሮቲኖች አሉ፣ ሆርሞን ተቀባይ ይባላሉ። ካንሰሩ የሚያድገው በእነሱ በኩል ነው። እነሱ በመኖራቸው የምንሰጣት ክኒን አለ፤ ግን መጀመሪያ ኬሞ ትወስዳለች።"

እፎይ አልን። ሐኪሟ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። "ኪ ስድሳ ሰባት ደግሞ መካከለኛ ነው።"

"ከመቶ ነው?" አላት ባሏ።

"ምኑ?"

"ስድሳ ሰባቱ። ካለፈች ብዬ ነው።"

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ እኛም ሳቅን። እትዬም ሳቀች፤ ቁስሏን በእጇ ደግፋ። "ስሙ ነው ጋሼ፣ ውጤቷ አይደለም። እሱም ፕሮቲን ነው፤ ሴሎቹ በምን ፍጥነት እንደሚራቡ ይነግረናል። የእሷ በጣም ቶሎ ቶሎ አይራቡም፤ ግን ይራባሉ።"

ለኬሞው የፋሲካን ማግስት ሳምንት ቀጠረችን፤ ቁስሉ እስኪጠግግ። ሁለት የማናውቃቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሁለቱንም ጠይቀን፣ ስቀንም፣ ወጣን። የምናውቀውን ቃል ግን ማን ይጠይቃል?

እዚያ አገር ሕመምተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። እግዜር ይማርሽ የሚል ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚገባው፤ የቻለ ማር፣ ያልቻለ ወተት፣ ሌላው እንቁላል በቅርጫት፣ እንዳይሰበር በደረቅ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ። ሰዉ አብዛኛው ጴንጤ ነው፣ ጾማችንን አይጾምም፤ ግን ያከብረዋል። እህቴ "ጾም ነው" ስትል ማንም ሁለተኛ አልጠየቃትም። የንስሐ አባቷ ሕመምተኛ ናትና ትብላ ብለው ፈትተዋት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። እሷ ለማንም አልነገረችም። እኛም ደግሞ ጾሟን መያዟን ስናይ ጠነከረች፣ እምነቷ ተመለሰላት አልን።

በጾሙ እኩሌታ ሄጄ ሽሮ ሠራሁላት። "ሽሮ ያቃጥለኛል" አለች። ምስር ልሥራ? "ይነፋኛል።" ቆጮ በጎመን በላች፤ ከድሮም ትወዳለች፣ ከጌዴኦ ተወላጆቹ ይልቅ እሷ ናት ቆጮ የምታውቀው እያሉ አማቷ ይቀልዱባት ነበር። የቡላ አጥሚትም ጠጣች። ጠግባ ነው የተነሣችው። እኔ ግን ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ አይቼ ይዤው ዲላ ሄድኩና አጠበብኩት። ለፋሲካ ደግሞ አጠበብኩት። የሐዘን ነው፣ የቁስሉ ነው እያልኩ መርፌዬን እሰካለሁ።

የቀጠሮዋ ቀን ሐዋሳ መዘኗት፣ ደሟንም አዩት። ሐኪሟ ወረቀቱን ተመልክታ እህቴን ቀና ብላ አየቻት፤ እንደገና ወረቀቱን አየች።

"ምን ሆነሽ ነው? ትበያለሽ?"

"እበላለሁ" አለች እትዬ። ውሸት አልነበረም።

"በዚህ ደምና በዚህ ኪሎ ኬሞ ብሰጥሽ አትችዪውም፤ መድኃኒቱ ራሱ ይጥልሻል።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ሦስት ሳምንት እሰጣችኋለሁ። በደንብ ይመግቧት። ከዚያ በላይ ማቆየት አልፈልግም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄዷል፤ የቀረ ነገር ካለ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም።"

ወደ ዲላ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ "የቀረ ነገር ካለ" የሚለው ቃል እንደ አንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቋንጣና ቅቤ ይዤ ዱመርሶ ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። ጫጩት! ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቡራቡሬ፤ ከእንሰቱ ሥር፣ ከቡናው ጥላ፣ ከማድቤቱ ደጃፍ። አንዳንዶቹ ክንፍ አውጥተዋል፣ አንዳንዶቹ ገና ትናንት የተፈለፈሉ ይመስላሉ። አማቷ ደጃፍ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

"መጣህ?" አሉኝ።

"መጣሁ እማማ። ምንድነው ይሄ ሁሉ? የዶሮ ንግድ ጀመራችሁ እንዴ?"

"ምን ንግድ! የጠያቂ እንቁላል ነው።"

"ጠያቂ ያመጣው?"

"አዎ። ልጄ አልበላም አለ። ጾም ነው አለ፤ እሺ፣ ጾም ነው። እንቁላል ቢቀመጥ ይበላሻል፣ ለዶሮ ሰጠሁት፣ ታቀፈው። ፋሲካ መጣ። አሁን ብላ አልኩት። አልበላም አለ። እሱንም ለዶሮ ሰጠሁት።" ጎመኑን ጣሉትና በእጃቸው ግቢውን አሳዩኝ። "አየህ? ዶሮ በዛ፣ ልጄ አለቀ።"

"ወተቱስ?"

በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። ድመታቸው ፀሐይ ላይ ተዘርግታለች፤ ወፍራ አንገቷ ጠፍቷል።

እህቴ ከጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀሐይ እየሞቀች ነበር፤ ፀሐዩ ውስጧ የሚያልፍ ነው የመሰለኝ።

"እትዬ፣ ጾሙ ከተፈታ ሰነበተ። እንቁላሉን ለምን አልበላሽም?"

"አላሰኘኝም።"

"ወተቱስ?"

"ሆዴን ያስጮኸዋል። ተይኝ እስቲ፣ ገና ሳትቀመጪ።"

"ሽሮው ያቃጥልሻል፣ ምስሩ ይነፋሻል፣ እንቁላሉ አያሰኝሽም፣ ወተቱ ያስጮኽሻል…" እየቆጠርኩ ሳለሁ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ታየኝ፤ ልጆቼን ለክትባት ስወስድ ተራ እየጠበቅሁ በቃሌ የያዝኩት ሥዕል። ምግቦቹ በሦስት ክብ ተከፍለዋል። በአንዱ ክብ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ምስር፤ ከሥሩ ደግሞ ገንቢ ምግቦች፣ በቅንፍ ፕሮቲን። እህቴ የተወችው ያንን ክብ ነው። ከውስጡ አንዲት ነገር አላስቀረችም።

"ፕሮቲን ነው የተውሽው" አልኳት።

እንደ ሞኝ ልጅ አየችኝ። "አንቺ የት ነበርሽ ዶክተሯ ስትናገር? አጠገቤ አልነበርሽም? ካንሰሩ ላይ ፕሮቲን አለ፣ በሱ ነው የሚያድገው አላለችም?"

"ብላለች፣ ግን…"

"ቆይ። ከዚያስ ምን አለች? ይራባሉ አላለችም? ቶሎ ቶሎ አይራቡም፣ ግን ይራባሉ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ታዲያ የሚራብን ነገር ካላበሉት ምን ይሆናል?" ድምፅዋ ወረደ። "ይሞታል።"

መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ሲገባኝ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ቃሉን ጻፉት፤ አንድ ነው። ይራባሉ፣ ይበዛሉ። ይራባሉ፣ ይርባቸዋል። ልዩነቱ አፍ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው "ባ" ይጠብቃል፣ የሁለተኛው ይላላል። ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። እህቴም በዚያ ሰዓት ጆሮዋ ሳይሆን ፍርሃቷ ነበር የሚሰማው።

"እትዬ፣ ይራባሉ ያለችው ይባዛሉ ማለቷ ነው። ባው ይጠብቃል።"

"ጠበቀ ላላ! አንቺ ክር ሻጭ ነሽ የሰዋስው መምህር?"

"እኔ ልሙት፣ እንደሱ ነው።"

"ብትሞቺም ያው ነው። ሐኪሟ የነገረችኝን ትቼ ያንቺን ልሰማ?" ከዚያ ፊቷን ወደ ቡናው አዞረችና ዛሬም ድረስ ከጆሮዬ ያልወጣውን ነገር ተናገረች። "ርቦኝ ነው የምውለው። ቆጮው ሆዴን ይሞላል እንጂ ርሃቡ አይሄድም። ግን ሲርበኝ ደስ ይለኛል። እሱንም ራበው ማለት ነዋ። እስቲ ማን ይቀድማል እለዋለሁ።"

አንድ ሰው ብቻውን፣ በገዛ ቤቱ፣ ቅቤና ወተት እየመጣለት፣ ከጠላቱ ጋር በረሃብ ሲታገል የከረመ፤ እኛ ደግሞ ጾሟን ጠበቀች እያልን የምናመሰግናት።

ባሏ ከኋላችን መጥቶ ቆሞ ኖሯል። ሁሉንም ሰምቷል። ባርኔጣውን አወለቀ፤ የሚቀመጥበት ጉልበት ስለሌለ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው። አልተቆጣትም። "ነገ ሐዋሳ እንሂድ" አላት። "እህትሽም ዝም ትበል፣ እኔም ዝም ልበል። ዶክተሯን አንቺ ራስሽ ጠይቂያት። እንቁላል አትብዪ ካለችሽ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አንዷን እንኳ እቤቴ አላስገባም።"

"ጫጩቶቹስ?" አለች እህቴ።

"እነሱ ቀድመው ገብተዋል፤ ምን ይደረጋል።"

በማግስቱ ዲላ መናኸሪያ እንደ ወትሮው ግፊያ ነበር። የሐዋሳ አውቶቡስ ገና ሳይቆም ሰዉ በመስኮት ዕቃ ይወረውራል፤ ነጠላ፣ ባርኔጣ፣ ፌስታል፣ ወንበር ለመያዝ። ባሏ ከሩቅ ጃኬቱን ወርውሮ የፊተኛውን ወንበር ያዘላት። አንድ ጎረምሳ ገብቶ ሊቀመጥ ሲል ጃኬቱን አየና "ወይኔ፣ ተይዟል" ብሎ ወደ ኋላ አለፈ። እህቴ ጃኬቱ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ አጥንቷን እንዳይወጋት ከሥሯ አላነሣነውም።

ሐኪሟ ያለ ቀጠሮ ስታየን ደነገጠች። እህቴ ሳትቀመጥ ጀመረች። "ዶክተር፣ ካንሰሬ ፕሮቲን ነው የሚበላው አላልሽም?"

ሐኪሟ እኔን አየችኝ፣ ባሏን አየችው። ሁለታችንም እንደተባልነው ዝም አልን።

"እስቲ ተቀመጪ እናቴ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆምሽው?"

እህቴ ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ ጠይቄ ማረጋገጥ የነበረብኝ" አለች። ወንበሯን ስባ ከጠረጴዛው ወዲህ መጥታ ከእህቴ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። "አሁን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፤ ያልገባሽ ቦታ ላይ አስቁሚኝ። እኔ ያልኩት ፕሮቲን ምግብ ውስጥ ያለው አይደለም። ሴሉ ራሱ የሠራው ነው። ፀጉርሽም ፕሮቲን ነው፣ ጥፍርሽም፣ ደምሽም። አንቺ መብላት ብታቆሚ ካንሰሩ አይራብም። ቀድሞ የሚያልቀው ሰውነትሽ ነው፤ እሱ ካንቺ ላይ እየቆረሰ ይበላል።"

የእህቴ እጅ ቀሚሷን ጨበጠ። "እኔን ነው ሲበላ የከረመው?"

"አዎ።"

ማንም አላጽናናትም። ከዚያ ሐኪሟ ስለ ተቀባዩ ቀጠለች። "እንደ ወንበር አስቢው። ካንሰሩ ላይ ወንበሮች አሉ። ሰውነትሽ ውስጥ ያለው ሆርሞን መጥቶ እዚያ ላይ ሲቀመጥ፣ እደግ ይለዋል። የምንሰጥሽ ክኒን ቀድሞ ወንበሩን ይይዘዋል። ሆርሞኑ ይመጣል፣ ወንበሩ ተይዟል፤ ትቶ ይሄዳል።"

እህቴ ቀና አለች። "ጃኬት መወርወር ነዋ።"

"ምን?"

"መናኸሪያ። በመስኮት ጃኬት ወርውሮ ወንበር መያዝ።"

"በቃ፣ እሱ ነው" አለች ሐኪሟ።

"ወንበሩ ባይኖርስ?"

"የምንይዘው ቦታ አይኖርም፣ ክኒኑም አይሠራም። ለዚህ ነው የዚያን ቀን ጥሩ ዜና ነው ያልኩሽ።"

ባሏ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ያ የልቡ ጥያቄ ሊመጣ መሆኑን አወቅሁ። "ዶክተር፣ ይሄ ምርመራ… ይዛመታል ወይስ አይዛመትም፣ ትኖራለች ወይስ አትኖርም፣ እሱን አይናገርም?"

"ትንሽ ይናገራል። እንደ እሷ ወንበሩ ያላቸው ሴቶች ከሌላቸው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሻላቸዋል፤ በተለይ ካንሰሩ በጣም ቶሎ የማይ…" ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ቆመ። "የማይባዛ ከሆነ። ግን እሱ የብዙ ሴቶች ነገር ነው ጋሼ። የእሷን ለብቻ አይነግረኝም።"

"የጠፋው ጊዜስ?" አለች እህቴ። "እኔ በረሃብ ያጠፋሁት?"

ሐኪሟ ልታባብላት ትችል ነበር። "አላውቅም" አለቻት። "የሚነግረኝ ምርመራ የለም። የቀረሽን ጊዜ ግን አታጥፊው፤ ቀጠሮሽ ያው ነው።"

ወጣን። መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል እንቁላል የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ በባልዲ ይዛ፣ ጨውና ሚጥሚጣ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልላ። እህቴ ቆመች። አንዱን አንሥታ ራሷ ላጠችው፤ እንዳይሰበርባት የፈራች ይመስል ቀስ ብላ። ነጩ ሲወጣ ለብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ነከሰችና እያኘከች እንባዋ ወረደ። ሻጯ ግራ ገብቷት "ሚጥሚጣው በዛብሽ እንዴ እናቴ?" አለቻት።

"አልበዛም። ጨው ጨምሪልኝ።"

ቤት ስንደርስ አማቷ ደጃፍ ቆመው ነበር። "ምን አለ?" አሉኝ።

"ብዪ አለቻት እማማ።"

"እኔ ብላ ስለው ስንት ጊዜ ነው! ሐዋሳ ድረስ ሄደህ ነው የምትሰማው?" አሉና ልብሳቸውን ሰብስበው ግቢው ውስጥ የመጀመሪያውን ዶሮ ማባረር ጀመሩ። ያቺ የጠያቂውን እንቁላል ታቅፋ ጫጩት ያወጣችው ዶሮ አልተነካችም፤ "ይሄ ሥራ ሠርቷል" ብለው አስተረፏት። ከዚያ በኋላ ግን ጠያቂ ሲመጣ እንቁላሉን ከቅርጫቱ ተቀብለው በቀጥታ ወደ እሳቱ ነው የሚሄዱት፤ ጠያቂው ሳይቀመጥ፣ የተጠየቀችው ፊቱ ትበላለች። ድመቷም ወተቷ ቀርቶባት ጎረቤት ሄደች አሉ።

የቀጠሮው ቀን ደሟ ከፍ ብሎ ነበር፤ ኪሎዋ ግን ሐኪሟ የፈለገችውን ያህል አልሞላም። ወረቀቱን ይዛ ወጣች፣ ከሌላ ሐኪም ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። እኛ ወንበራችን ላይ እንደ ፈተና ተፈታኝ ነው የጠበቅናት። "እንጀምራለን" አለች። ክረምቱን በሙሉ ኬሞ ወሰደች። ፀጉሯ ሄደ፤ አፏ ቆሰለ፤ አንዳንድ ቀን እንቁላሉን የምትበላው እኔ እየማልኩላት፣ እያለቀስኩባትም ነበር። ለመስቀል ጨረሰች። ከዚያ ክኒኑ መጣ፤ በየቀኑ አንድ፣ ለዓመታት።

የመጀመሪያውን ክኒን የዋጠች ጠዋት ደወለችልኝ። "ወንበር ያዝኩ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልማዳችን ሆነ። ሱቄን ከፍቼ ክሮቹን ሳወጣ ስልኬ ይጮሃል።

"ያዝሽ?"

"ያዝኩ።"

ሌላ ወሬ ካለ እናወራለን፣ ከሌለ ይዘጋል። ደንበኞቼ ሳይቀሩ ለመዱት። "እህትሽ ዛሬ የት ልትሄድ ነው?" ይሉኛል።

ዓመታት አልፈዋል። ቀሚሷን መልሼ አስፍቼላታለሁ። ዘንድሮ በለቀማው ሰሞን ግን ጎኗን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ከማጎንበስ ነው አልን፤ ከእሷ ጋር የለቀሙት ሁሉ ጎናቸውን ነው የሚያማቸው። ለቀማው አለቀ፣ የሌሎቹ ተሻላቸው፣ የእሷ አልተሻላትም። ሐዋሳ ሄደን ፎቶ ተነሥታለች፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ሐኪሟ ያው ናት፤ አሁን ቀስ ብላ ነው የምታወራው። የአጥንት ድካምም ሊሆን ይችላል አለች፤ ሌላም ሊሆን ይችላል አለች። እህቴ ያን በረሃብ ያሳለፈችውን ጾም አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም። እኔ ግን ጎኗን በእጇ ስትደግፍ ባየሁ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣብኝ። ስለ ጠፋው ጊዜ ያኔ የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን መልስ የለውም።

ትናንት ጠዋት ስልኬ አልጮኸም። ሱቁን ከፈትኩ፣ ክሮቹን አወጣሁ፣ አንዲት ልጅ ነጭ ዚፕ ጠየቀችኝ፤ ጥቁር ሰጠኋት። መጨረሻ ላይ እኔው ደወልኩ። ያነሡት አማቷ ናቸው።

"እማማ! እትዬስ?"

"ተኝቷል። ጎኑን ሲያመው አድሮ አሁን እንቅልፍ ወሰደው። አትቀስቅሰው።"

"እሺ። እሺ እማማ።" ልጠይቅ ፈለግሁ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ገባቸው መሰለኝ። ከወዲያ በኩል ዶሮዎቹ ይሰማሉ፤ የእነዚያ ጫጩቶች ልጆች፣ የልጅ ልጆች። አማቷ ድምፃቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው፣ እንደ ምስጢር፦

"ሳይተኛ እንቁላሉን በላ፣ ክኒኑን ዋጠ። ይዟል" አሉኝ። "ወንበሩን ይዟል ልጄ።"